ለልደት በዓል ላሊበላ ሲሄዱ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በእግር የሚደረስ ማረፊያ አመራረጥ

ለልደት በዓል ወደ ላሊበላ የሚጓዝ ምእመን ስለ አውቶቡሱ ወይም ስለ አውሮፕላን ቲኬቱ ብዙ ይጨነቃል፤ ማደሪያውን ግን ብዙ ጊዜ «እዚያው ደርሰን አልጋ እንይዛለን» ብሎ ያልፈዋል። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴን ይዤ ስሄድ የተሳሳትኩት በዚሁ ነው። ክፍሉን በስልክ ስይዝ ያነጋገረኝ ሰው «ከቤተ ክርስቲያኑ በእግር 15 ደቂቃ ነው» አለኝ፤ አልዋሸኝም። አሥራ አምስቱ ደቂቃ ግን ለጎልማሳ ሰው፣ በቀን ብርሃን፣ ሕዝብ በሌለበት ቁልቁለቱን ለመውረድ የሚበቃ ነበር። ሌሊቱን ቆማ ያደረች እናቴ ያንኑ መንገድ ማለዳ ወደ ላይ ስትመለስ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው፤ ሦስት ጊዜም ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አረፈች። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ወላጆቹን፣ ሕፃናትን ወይም አቅመ ደካማ ይዞ የሚጓዝ ሰው ከመነሣቱ በፊት የማረፊያውን ርቀት በሜትር ሳይሆን በሚመለስበት ዳገት እንዲለካ ነው።

1. በመጀመሪያ ሌሊቱን የት እንደሚቆሙ ይወስኑ

ላሊበላ ውስጥ «ለቤተ ክርስቲያን ቅርብ» የሚለው አነጋገር ብቻውን ምንም አይነግርም፤ አብያተ ክርስቲያናቱ 11 ናቸውና፣ ያሉበትም ቦታ ሦስት ነው። ዮርዳኖስ ከተባለው ቦይ በሰሜን በኩል ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መስቀል፣ ቤተ ደናግል፣ ቤተ ጎልጎታና ቤተ ሚካኤል አንድ ላይ ተያይዘው ይገኛሉ። ከዮርዳኖስ ማዶ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ አሉ። ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ከሁለቱም ተለይቶ፣ ብቻውን 12 ሜትር ገደማ ወደ መሬት ጠልቆ ተፈልፍሏል። አንድ ማረፊያ ለቤተ ጊዮርጊስ እጅግ ቅርብ ሆኖ ሳለ በበዓሉ ሌሊት ለሚቆሙበት ቅጥር ሩቅ ሊሆን ይችላል።

የልደት ሌሊት ዋናው ሥርዓት የሚፈጸመው በሰሜኑ ክፍል፣ በቤተ ማርያምና በአካባቢው ነው። ካህናቱ ግማሾቹ ማሜ ጋራ በተባለው የዓለቱ ጠርዝ ላይ፣ ግማሾቹ ደግሞ ከታች በቅጥሩ ውስጥ ሆነው «ቤዛ ኩሉ»ን በቅብብል የሚያዜሙት እዚህ ነው፤ ከላይ የቆሙት የመላእክት፣ ከታች የቆሙት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ስለዚህ የመጡት ለዚህ ሌሊት ከሆነ የርቀት መለኪያዎ መነሻ ቤተ ማርያም ይሁን። ቦታውን ከሩቅ ለማወቅ አይቸግርም፤ ቤተ መድኃኔ ዓለምንና ቤተ ማርያምን ከዝናብ ለመከላከል የተተከሉት ትልልቅ መጠለያዎች ከከተማው ብዙ አቅጣጫ ይታያሉ። ማረፊያ የሚያከራይ ሰው «መጠለያው ከእኛ ደጅ ይታያል» ሲልዎት ግን መታየትና መቅረብ የተለያዩ መሆናቸውን አይርሱ። ተራራማ አገር ነው፤ ማዶ ለማዶ ተያይቶ ለመገናኘት ገደል መዞር የሚያስፈልግበት ቦታ ብዙ ነው።

2. ተዳፋቱን ይወቁ

ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገብ ላይ የተቀመጠ ነው። ሜዳ ብሎ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ማረፊያዎቹን ከዳገቱ አንጻር በሦስት ከፍዬ ነው የማያቸው።

በከተማው ጫፍ፣ በገደሉ ጠርዝ ላይ የተሠሩት ሆቴሎች ፊታቸውን ወደ ሸለቆው አዙረው ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያሳዩት ነገር በእውነት ልብ ይነካል። ለጉብኝት ቢሆን እኔም እነርሱን እመርጣለሁ። ለበዓሉ ግን ሲመለሱ ዳገቱ የሚጠብቅዎት ሰውነትዎ በዛለበት ሰዓት ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው መንገድ ወደ ታች ወረድ ብለው የሚገኙት ማረፊያዎች ናቸው። በእነዚህ ካረፉ ሲሄዱ ይወጣሉ፣ ሲመለሱ ይወርዳሉ፤ ርቀቱ ከበዛ ግን ሌሊት ከሕዝቡ ጋር ተጋፍቶ መውጣቱ ራሱ ድካም ነው። ሦስተኛዎቹ በመሐል ከተማ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ባሉት መንደሮችና ጠባብ መንገዶች ውስጥ ያሉት ትንንሽ የእንግዳ ማረፊያዎችና የቤተሰብ ቤቶች ናቸው። ክፍሎቻቸው ጠበብ ይላሉ፣ እይታም ላይኖራቸው ይችላል፤ ሆኖም አረጋውያንን ይዞ ለሚመጣ ሰው ከሁሉም አስቀድሜ የምመክረው እነዚህን ነው።

ደቂቃውን በሚመለከት የራሴ ስሌት አለኝ። ማረፊያው የሚነግረኝን ደቂቃ ለሌሊት ጉዞ እጥፍ፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ደግሞ ሦስት እጥፍ አደርገዋለሁ። «10 ደቂቃ» ከተባልኩ እናቴ ግማሽ ሰዓት ትሄዳለች ማለት ነው፤ ያም ይቻላል። «20 ደቂቃ» ከተባልኩ ግን አልይዝም። ከጉዞው በፊትም አብረዋችሁ ከሚሄዱት መካከል እጅግ ደካማው ሰው ሳያርፍ ስንት ደቂቃ ዳገት መውጣት እንደሚችል በሰፈራችሁ አቀበት ላይ አብራችሁ ሄዳችሁ እዩት። የቡድኑ ሁሉ ማረፊያ የሚመረጠው በዚያ ሰው እግር ነው።

የአዲስ አበባ ሰው ከፍታውን ለምዶታል። ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን አካባቢ በቀጥታ የሚመጡ ወገኖች ግን በባሕር ጠረፍ ወይም ለባሕር ወለል በቀረበ ስፍራ የሚኖሩ ናቸውና በመጀመሪያው ቀን ትንፋሽ ሊያጥራቸው ይችላል። ለእነርሱ ቅርብ ማረፊያ መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀድመው ቢደርሱ ሰውነታቸው ይለምዳል።

3. ሌሊቶቹን በጥንቃቄ ይቁጠሩ

ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል፤ ቅዱስ ላሊበላ የተወለደበት ዕለትም ይኸው ቀን በመሆኑ የከተማው በዓል እጥፍ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚቆመው ታኅሣሥ 28 ለ29 አጥቢያ ነው፤ «ቤዛ ኩሉ» የሚዜመው ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በ29 ማለዳ ነው። እንግዲህ የታኅሣሥ 28ን ሌሊት ተከራይተው አልጋው ላይ አይተኙበትም፤ አልጋው ከምንም በላይ የሚያስፈልግዎት በ29 ረፋድ ላይ፣ ደክመው ሲመለሱ ነው። ማረፊያው የቆጠረው ግን እስከ 29 ከሆነ በዚያው ዕለት ከቀኑ 5 ወይም 6 ሰዓት ላይ ክፍሉን እንዲለቁ ይጠየቃሉ። ገና ጋደም እንዳሉ በሩ ይንኳኳል ማለት ነው። ስለዚህ ቢያንስ የ27፣ የ28 እና የ29ን ሌሊት አንድ ላይ ይያዙ፤ በ30 ጠዋት ይነሡ። ለሦስተኛው ሌሊት የሚከፈለው ገንዘብ እንደ ትርፍ ወጪ ሊታይ አይገባም።

በውጭ አገር ያሉ ልጆች ለወላጆቻቸው ሲይዙ የቀን አቆጣጠሩን በሁለቱም መንገድ ጽፈው ይላኩ። ታኅሣሥ 29 በአውሮፓውያኑ ጃንዋሪ 7 ነው፤ የሚቆመው ሌሊት የሚጀምረው ጃንዋሪ 6 ማታ ነው። በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ያለፈው ዓመት ጳጉሜን 6 ስለሆነች ልደት ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ በ2020 ዓ.ም. የሚሆነውም ይህ ነው። በዚያ ዓመት የሚጓዝ ሰው ስሌቱን በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይሳብ። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ «በ2 ሰዓት እንደርሳለን» ያለው ሰው የማታውን ይሁን የጠዋቱን፣ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በውጭው፣ ለይቶ ካልተናገረ ዘበኛው በሩን ዘግቶ ሊተኛ ይችላል።

4. የማረፊያውን ዓይነት ይምረጡ

ሆቴል፣ ሎጅ፣ የእንግዳ ማረፊያ፣ የቤተሰብ ቤት፣ በጉዞ ማኅበራት የሚዘጋጅ የጋራ ማደሪያና ድንኳን አለ። ከማኅበር ጋር ለሚሄድ ሰው ምርጫው በአብዛኛው በአዘጋጆቹ እጅ ስለሆነ ከመመዝገቡ በፊት አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ፦ ማደሪያው የት ሰፈር ነው፣ ከዚያስ እስከ ቤተ ማርያም የምንሄደው በእግር ነው ወይስ በመኪና? በበዓሉ ሰሞን ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ የሚያስገቡት መንገዶች በሕዝብ ይሞላሉ፤ በሌላ ቀን ከደጅ የሚያደርሰው ባጃጅም ሆነ አውቶቡስ ርቆ ሊያወርዳችሁ ይችላል። «ችግር የለም፣ መኪና አለን» የሚለው መልስ ለዚህ ሌሊት አያስተማምንም።

ድንኳን ወጣቶች ለሆኑና ብርድ ለማይከብዳቸው ሰዎች መልካም ነው። የታኅሣሥ ሌሊት በዚያ ከፍታ ላይ አጥንት የሚሰብር ብርድ አለውና ጋቢ ብቻ አይበቃም።

በአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ስላሉት ቤቶች በተለይ ልናገር የምፈልገው አለ። ከወሎ፣ ከዋግ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከትግራይ ገጠሮች ቀናትንና ሳምንታትን በእግራቸው ተጉዘው የሚመጡ ምእመናን አሉ። የላሊበላ ሰው እነዚህን እንግዶች እግራቸውን አጥቦ፣ ያለውን አብልቶ ማሳደር የአባቶቹ ወግ ነው። ገንዘብ ያለን ሰዎች ቅርብ ቤት ስንፈልግ ባለቤቱ በየዓመቱ ለእነዚህ እንግዶች የሚያስቀምጠውን ስፍራ በብር ብዛት ማስለቀቅ የለብንም። ቤት ሲጠይቁ «በበዓሉ የሚያርፉባችሁ እንግዶች አሉ ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ካሉ ለኪራይ የተዘጋጀ ሌላ ክፍል ይፈልጉ። በቤተሰብ ቤት ካረፉም ባለቤቶቹ እግርዎን ሊያጥቡ ሲመጡ በሐፍረት አይከልክሏቸው፤ ለእነርሱ በረከት ነው።

5. ደውለው ምን ይጠይቁ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የተጻፉ የማረፊያ ዝርዝሮችን አይመኑ። ወረርሽኙ፣ ከዚያም በ2013 መጨረሻ ከተማው ድረስ የዘለቀው ጦርነት፣ ተከትሎም የመጣው የጎብኚ መጥፋት አንዳንዱን ማረፊያ አዘግቷል፣ አንዳንዱንም አጎሳቁሏል። ስለዚህ በስልክ ሰው ማነጋገር ግድ ነው። የሚቻል ከሆነ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት፣ ማለትም የነቢያት ጾም በኅዳር 15 ከመግባቱ አስቀድሞ ይደውሉ።

ስለ ርቀቱ ሲጠይቁ «ቅርብ ነው?» አይበሉ፤ መልሱ ምንጊዜም «አዎ፣ እዚሁ ነው» ነው። ለላስታ ገበሬ የግማሽ ቀን መንገድም እዚህ ማዶ ነው። ይልቁንም «ከእናንተ በር ተነሥቼ ቤተ ማርያም ስደርስ የት የት አልፋለሁ? ስመለስ የትኛው ላይ ነው ዳገት? መንገዱ ኮብልስቶን ነው ወይስ ዓለት? ደረጃ አለው? መብራት አለው?» ብለው መንገዱን ያስተርኳቸው። መንገዱን ደረጃ በደረጃ የሚተርክልዎት ሰው መንገዱን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ነው። ከተቻለም የከተማውን ነዋሪ ወይም በደብሩ የሚያገለግል የሚያውቁትን ሰው ያንኑ መንገድ ሄዶ እንዲያይልዎት ይለምኑ።

ቀጥሎ ስለ ቤቱ ይጠይቁ። ውሃ በከተማው በየቀኑ ላይመጣ ይችላልና ሮቶ መኖሩን፣ በበዓሉም እንደሚሞላ ያረጋግጡ፤ ባዶ እግሩን በአቧራና በዓለት ላይ ለዋለ ሰው እግር መታጠቢያ ውሃ እንደ አልጋው አስፈላጊ ነው። ጀነሬተር ወይም የፀሐይ መብራት ይኑር አይኑር ይወቁ። ክፍሉ ምድር ላይ ነው ወይስ ፎቅ? መጸዳጃው ከክፍሉ ውስጥ ነው ወይስ በግቢው ማዶ? ሌሊት በ9 ሰዓት ብመለስ በሩን የሚከፍት ሰው አለ? ተጨማሪ ብርድ ልብስ ትሰጣላችሁ? አረጋዊ ሰው ሥርዓቱ ሳያልቅ ሊደክመው ስለሚችል ስለ በሩ የሚጠየቀውን ቀላል አድርገው አይዩት።

ምግብም የማረፊያ ምርጫ አካል ነው። ታኅሣሥ 28 ገሃድ ነው፤ የሚቆርብ ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ ይጾማል። ማለዳ ሲመለሱ ሬስቶራንት ፍለጋ እንዳይወጡ ማረፊያው በ29 ጠዋት ትኩስ ነገር፣ አጥሚት ቢሆን፣ ሾርባ ቢሆን፣ ለማዘጋጀት ይስማማ እንደሆነ አስቀድመው ይነጋገሩ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ካለ ይህን ለባለቤቶቹ ገልጠው ይንገሩ፤ ስለ ጾሙም አስቀድሞ የነፍስ አባቱንና ሐኪሙን ያማክር።

6. ገንዘብ ከመላክዎ በፊት

ዋጋው በበዓሉ ሰሞን እጅግ ይጨምራልና የሚነገርዎት ዋጋ የመደበኛ ቀን ነው ወይስ የበዓል፣ ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለክፍሉ፣ ለስንት ሌሊት እንደሆነ ለይተው ይጠይቁ። የተስማሙበትን ሁሉ በአጭር መልእክት እንዲልኩልዎት ያድርጉ፤ ቀኖቹ፣ የክፍሉ ቁጥር፣ የአልጋው ብዛት፣ ዋጋውና ቀብዱ ይጻፍበት። ቀብዱን በቴሌብር ወይም በባንክ ሲልኩ የሒሳቡ ስም የማረፊያው ወይም የባለቤቱ መሆኑን ያረጋግጡ። በመሐል የገባ «አስይዝልሃለሁ» ባይ ካለ በቀጥታ ከቤቱ ባለቤት ጋር ሳይነጋገሩ አይክፈሉ። ከአንድ ሳምንት በፊት፣ ከዚያም ከመነሣትዎ በፊት ባለው ቀን እንደገና ይደውሉ። በዚያው ጥሪ ላይ የመንገዱን ሰላም ይጠይቁ፤ ከወልድያ በጋሸና በኩል የሚመጣ ሰው በተለይ ያለበትን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ሳይሰማ አይነሣ። መንገዱ ካልተከፈተ ቀብዱ ይመለስ ወይም ለሌላ ቀን ይተላለፍ እንደሆነም ከወዲሁ ይወቁ።

7. እንደ ደረሱ ሻንጣውን አስቀምጠው መንገዱን ይሂዱት

ከክፍሉ እስከ ቤተ ማርያም ቅጥር በቀን አንድ ጊዜ፣ ከመሸ በኋላ ደግሞ የእጅ ባትሪ ይዘው አንድ ጊዜ ይሂዱ። ከእርስዎ ጋር ያሉት አረጋውያን የቀኑን ብቻ ይሂዱት። የሚያርፉበትን ድንጋይ፣ የሚያዳልጠውን ቦታ፣ የሚገነጠለውን መንገድ ይለዩ፤ በሌሊት ሁሉም ሰው ነጭ ነጠላ ለብሶ ሲተምም ሰፈሩ ሌላ ይመስላል። የስልክ መስመር በሕዝብ ብዛት ስለሚጨናነቅ ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ ከቅጥሩ ውጭ አንድ ላይ ቆማችሁ ወስኑ፤ በሕፃናቱና በአረጋውያኑ ኪስም የማረፊያው ስምና ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ይግባ።

ክፍሉ በስልክ ከተነገረዎት የተለየ ሆኖ ካገኙት ለመለወጥ የሚቻለው በዚህ ሰዓት ነው፤ 27 ቀን ከሰዓት በኋላ የሚናገር ሰው ምናልባት ሌላ ክፍል ያገኛል፣ በ28 ማታ ግን ከተማው ሞልቶ ያድራል። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱም ነጠላውንና ጋቢውን አልጋ ላይ ሳይጥሉ ውጭ አራግፈው ፀሐይ ላይ ይስጡት፤ በምንጣፎቹ ላይ ቁንጫ አይጠፋም።

8. ቅርብ ማረፊያ ባይገኝ

ሁሉም ተይዞ ከሆነ አንዱ መንገድ ራቅ ያለውን ይዞ ታኅሣሥ 28 ገና ቀን ሳለ ወደ ቅጥሩ መግባት፣ ከዚያም በ29 ሕዝቡ እስኪቀንስ እዚያው መቆየት ነው፤ ለዚህ ምንጣፍ፣ ጋቢና ውሃ ይዞ የሚጠብቅ ወጣት ከቡድኑ መመደብ ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ እኔ ለአረጋውያን ይሻላል የምለው፣ ቀኑን መለወጥ ነው። ብዙ እናቶችና አባቶች ዋናው ናፍቆታቸው ቅዱሱን ቦታ መሳለም ስለሆነ ከልደት ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይተው፣ ጥምቀትም ካለፈ በኋላ በአንድ ተራ እሑድ ቢሄዱ ከቤተ ማርያም ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚርቅ ክፍል በመደበኛ ዋጋ ሊያገኙ፣ ሁሉንም አብያተ ክርስቲያናት ሳይጋፉ ሊሳለሙ ይችላሉ። የቅዱስ ላሊበላ የዕረፍቱ መታሰቢያ የሚከበረውም ሰኔ 12 ነው። ለሰኔ የሚሄድ ሰው ከላይ ባሉት ጥያቄዎች ላይ ሁለት ይጨምር፦ ጣሪያው ያፈሳል ወይ፣ ወደ ቅጥሩ የሚወርደው መንገድ ሲዘንብ የሚያዳልጥ ከሆነስ ዞሮ የሚያስገባ ሌላ መንገድ አለ ወይ?